ጃፓን ውስጥ ከቤተ መቅደስ ደጃፍ እስከ ኪራይ ቤት፦ አዲስ ገቢ የሚሳሳትባቸው እርምጃዎች በቅደም ተከተል

ባለፈው መኸር ኪዮቶ ውስጥ አንድ አዲስ የመጣ ልጅ ይዤ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው፤ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ያወለቀው ግን ድንጋዩ ላይ ነበር። በነጭ ካልሲው ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ረግጦ የእንጨቱ ወለል ላይ ወጣ። በር ላይ የነበሩት አሮጊት ምንም አላሉትም። ፈገግ ብለው አሳለፉትና እርጥብ ጨርቅ አንሥተው፣ ተንበርክከው፣ የረገጠውን ቦታ ጠረጉ። ልጁ ወደ ውስጥ እየሄደ ስለነበር አላያቸውም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እዚህ አገር ስትሳሳቱ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም፤ ከኋላችሁ ይጠረጋል እንጂ። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ደፍ ላይ። የቤተ መቅደሱን ደፍ በትክክል ካለፋችሁ የተከራያችሁት ቤት፣ የሐኪም ቤቱና የእንግዳ ማረፊያው በር አይከብዳችሁም።

ከመጀመራችን በፊት፦ እዚህ የጻፍኳቸው ሰዓቶች በጃፓን አቆጣጠር ናቸው። 6:00 ማለት ንጋት 12 ሰዓት፣ 17:00 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሰዓት ስታስይዙ ሁልጊዜ በዚህ አቆጣጠር ጻፉ። በእኛ ሰዓት አስበው እራት ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

1. ካልሲያችሁን ተመልከቱ። ቀዳዳ የሌለው ንጹሕ ካልሲ አድርጉ፤ አንድ ሙሉ ትርፍም ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ዝናብ ካለ ትርፉ ያስፈልጋችኋል።
2. ማሰሪያ የሌለው ጫማ ምረጡ። በአንድ ቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ልታወልቁ ትችላላችሁ፤ ማሰሪያ ስትፈቱ ከኋላችሁ ሰልፍ ይቆማል።
3. ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ብዙ ቦታ መግቢያው 500 የን አካባቢ ሲሆን ካርድ የማይቀበሉ አሉ። የውጭ አገር ካርድ የሚሠራበት ማሽን ካጣችሁ ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ግቡ።
4. የመዝጊያ ሰዓቱን አረጋግጡ። አብዛኞቹ ቤተ መቅደሶች 16:30 ወይም 17:00 ላይ ይዘጋሉ፤ የመጨረሻው መግቢያ ደግሞ ከዚያ ቀደም ይላል። ኪዮቶ ያለው ኪዮሚዙዴራ 6:00 ላይ ይከፈታል። ሕዝብ ሳይሞላ ማየት የሚፈልግ ያን ሰዓት ይምረጥ።
5. ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። ባቡር ጣቢያ ባለው ባለ ሳንቲም ቁም ሣጥን አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ የቱ ቤት እንደሆነ ለዩ

ሁለት ዓይነት ቤተ አምልኮ አለ፤ ሥርዓታቸውም ይለያያል። በሩ ላይ ሁለት ምሰሶና አግድም እንጨት ያለው ቶሪ የሚባል ደጅ ካያችሁ ጂንጃ ነው፤ ሺንቶ የሚባለው የጃፓን ነባር እምነት። ጣሪያ ያለው ትልቅ በር፣ የዕጣን ጢስና የቡድሃ ምስል ካያችሁ ኦተራ ነው፤ የቡድሃ። ኪዮቶ ያለው ፉሺሚ ኢናሪ ጂንጃ ነው፤ ቶኪዮ አሳኩሳ ያለው ሴንሶጂ ኦተራ ነው። ሴንሶጂ ግቢ አጠገብ ጂንጃም ስላለ እዚያ በተለይ ልብ በሉ።

በሩ ላይ ቁሙ፣ ጎንበስ በሉ፣ ከዚያ ግቡ። የኦተራ በር የእንጨት ደፍ ካለው በላዩ ተሻገሩት፤ አትርገጡት። ጂንጃ ላይ የመንገዱን መሐል ትታችሁ ጥግ ጥጉን ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ውሃው

በሩን እንዳለፋችሁ የድንጋይ ገንዳና ረጅም እጀታ ያላቸው ጭልፋዎች ታገኛላችሁ። ይህ የሚጠጣ ውሃ አይደለም። የእኛ ሰው ጠበል መስሎት ሲጠጣና ፊቱን ሲታጠብ አይቻለሁ።

1. ጭልፋውን በቀኝ እጃችሁ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ሙሉ ቅዱ። ያ ውሃ እስከ መጨረሻው ይብቃችሁ።
2. ግራ እጃችሁን ታጠቡ። ጭልፋውን ወደ ግራ አዙሩና ቀኛችሁን ታጠቡ።
3. እንደገና በቀኝ ይዛችሁ በግራ መዳፋችሁ ትንሽ ውሃ አፍሱ፤ በእሱ ተጉመጥመጡ። ጭልፋውን ወደ አፋችሁ አታስጠጉ። የምትተፉት ከገንዳው ውጭ ነው፤ በእጃችሁ ከልላችሁ።
4. ግራ እጃችሁን ደግማችሁ ታጠቡ።
5. ጭልፋውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። የቀረው ውሃ እጀታውን እያጠበ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።

ጭልፋ ከሌለና ውሃው በቀርከሃ ቧንቧ የሚወርድ ከሆነ እጃችሁን ብቻ ታጠቡ። መጉመጥመጥ የማትፈልጉ ከሆነም እጅ መታጠቡ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ አዳራሹ ፊት

በጂንጃ፦ ሳንቲም ጣሉ፣ ደወል ካለ ደውሉ፣ ሁለት ጊዜ በጥልቀት ጎንበስ በሉ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቡ፣ ጸልዩ፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ በሉ። በኦተራ፦ ጭብጨባ የለም። መዳፋችሁን ገጥማችሁ ዝም በሉ። በብዛት የማየው ስህተት ኦተራ ላይ ማጨብጨብ ነው፤ ፊልም ላይ ያዩት የጂንጃው ስለሆነ ይመስለኛል።

ብዙዎች 5 የን ይጥላሉ። «ጎ ኤን» የሚለው አጠራር ዝምድና ወይም ትስስር ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሌላ ሳንቲም ብትጥሉ ነውር የለበትም።

ዕጣን ከለኮሳችሁ ነበልባሉን በእጃችሁ አራግባችሁ አጥፉ፤ በአፋችሁ እፍ አትበሉበት። ከሌላ ሰው ሻማም አታቀጣጥሉ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ እሳት አለ።

አሁን ብዙ ሰው በጓዳ የሚጠይቀኝን ልመልስ። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነኝ፣ እንዴት ላድርግ? ሳንቲም መጣል፣ ማጨብጨብ፣ መጸለይ ግዴታ አይደለም፤ የሚያስገድዳችሁም የለም። በሩ ላይ ጎንበስ ማለት ለቤቱ ባለቤት ሰላምታ እንደመስጠት ነው። ከዚያ ወዲያ ከሰልፉ ወጥታችሁ ወደ ጎን ቁሙ፣ ኮፍያችሁን አውልቁ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ። ማድረግ የሌለባችሁ ነገር ቢኖር የሚጸልይ ሰው ፊት ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነው። አዳራሹ ውስጥ ፎቶ በአብዛኛው ክልክል ነው፤ ምልክት ካላያችሁም ጠይቁ እንጂ አታንሱ።

ደረጃ 5፦ ጫማ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን መሬቱን በባዶ እግራችን እንረግጣለን። ቅዱስ የሆነው መሬቱ ነው። እዚህ ግን በሩ አጠገብ ያለው ዝቅ ያለው ወለል የውጭ ነው፤ ከፍ ያለው የውስጥ ነው። ጫማ ዝቅተኛውን ይረግጣል፤ ካልሲ ከፍተኛውን ብቻ። ካልሲያችሁ ዝቅተኛውን ከነካ የውጭውን አፈር ወደ ቤት አስገባችሁ ማለት ነው።

1. ከፍታው ጫፍ ድረስ በጫማችሁ ቅረቡ።
2. አንዱን እግር ከጫማው አውጡና መሬት ሳይነካ ቀጥታ ከፍ ያለው ላይ አሳርፉ።
3. ሁለተኛውን እንደዚያው።
4. ዙሩ፣ ተንበርከኩ፣ ጫማችሁን አፍንጫው ወደ ውጭ እንዲያይ አዙራችሁ ጥግ አስይዙት። መደርደሪያ ካለ እዚያ አኑሩት። የላስቲክ ከረጢት ከተሰጣችሁ ይዛችሁት ግቡ።
5. ነጠላ ጫማ ካለ አድርጉ፤ ታታሚ የሚባለው የሣር ምንጣፍ ጋ ስትደርሱ ግን እሱንም አውልቁ። ታታሚ የሚረገጠው በካልሲ ነው። በምንጣፎቹ መሐል ያለውን የጨርቅ ጠርዝ አትርገጡ።
6. ሽንት ቤት በር ላይ ሌላ ነጠላ ጫማ ታገኛላችሁ። የቤቱን በር ላይ ትታችሁ ያንን አድርጉ፤ ስትወጡ ደግሞ ቀይሩ።

የሽንት ቤቱን ነጠላ ጫማ አድርጎ ወደ ምግብ ክፍል መመለስ ሁላችንም አንድ ቀን የምንሠራው ስህተት ነው። ካደረጋችሁት ባላችሁበት አውልቁት፣ በእጃችሁ ይዛችሁ በካልሲ ተመለሱና ቦታው አኑሩት። «ሱሚማሴን» በሉ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ካልሲያችሁ ዝቅተኛውን ወለል ከነካም ያው ነው፦ ቁሙ፣ ይቅርታ በሉ፣ ትርፉን ካልሲ አውጥታችሁ ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ቤተ መቅደስ ውስጥ ማደር

ዋካያማ ክፍለ ሀገር ያለው ኮያሳን ከመቶ በላይ ቤተ መቅደሶች ያሉበት ተራራ ነው፤ ግማሽ ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። ይህ ማረፊያ ሹኩቦ ይባላል። ዋጋው እራትና ቁርስን ጨምሮ በሰው ከ10,000 የን በላይ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው፦ ኦሳካ ናምባ ጣቢያ የናንካይ ባቡር ያዙ፣ ጎኩራኩባሺ ውረዱ፣ በገመድ ወደሚሳበው ባቡር ተሻገሩ፣ ላይኛው ጣቢያ ስትደርሱ አውቶቡስ ያዙ። ከላይኛው ጣቢያ በእግር አትነሱ፤ ወደ ከተማው የሚወስደው የአውቶቡስ መንገድ ለእግረኛ ዝግ ነው።

ከ17:00 በፊት ድረሱ። እራቱ 17:30 ወይም 18:00 ላይ ይቀርባል፤ እንደ ሆቴል አይጠብቅም። ከዘገያችሁ ባቡሩ ላይ ሳላችሁ ሳይሆን ከመሳፈራችሁ በፊት ደውሉ፤ ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ተራራው 800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ኦሳካ ሙቀት ቢሆንም ማታ ይበርዳል። ሹራብ ያዙ።

*ጾም ላይ ከሆናችሁ።* ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የቤተ መቅደስ ምግብ፣ ሾጂን ርዮሪ፣ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ መረቁ የሚሠራው ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። ሁዳዴን እዚያ ያለ ሐሳብ መብላት ይቻላል። ከተማ ስትወርዱ ግን ተጠንቀቁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ኑድል፣ ሾርባና ወጥ አብዛኛውን ጊዜ በደረቀ ዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው። ዳሺ ይባላል። «ሥጋ አልበላም» ብላችሁ ብትነግሩ ዓሣውን እንደ ሥጋ አይቆጥሩትም። ስለዚህ ዘርዝሩ፦ «ኒኩ፣ ሳካና፣ ታማጎ፣ ግዩኒዩ፣ ካትሱኦ ዳሺ፣ ናሺ ዴ» (ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ፣ ሳይገባ)። በጃፓንኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ብትይዙት ይሻላል። ናቶ (የተብላላ አኩሪ አተር) ስትገዙም ከጎኑ ያለችው ትንሽ ማጣፈጫ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለባት፤ ትታችሁ በአኩሪ አተር ስጎ ብሉት። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ፦ ብዙ ምግብ ውስጥ ሚሪንና ሳኬ የሚባሉ አልኮሎች ስለሚገቡ እነሱንም በስም ጠይቁ።

ጠዋት 6:00 አካባቢ ጸሎት አለ። አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ተንበርክኮ መቀመጥ እግር ያደነዝዛል፤ ለመነሳት አትቸኩሉ፣ ትወድቃላችሁ። ወለሉ ላይ እግር አጣምሮ መቀመጥ ይቻላል፤ እግርን ወደ መሠዊያው መዘርጋት ግን አይቻልም። ተራ በተራ ዕጣን የሚጨመርበት ጊዜ ሲመጣ የማትፈልጉ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ለቀጣዩ አሳልፉ። ማንም አይከፋም።

ኦኩኖይን የሚባለው የመቃብር መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ200,000 በላይ መቃብር አለበት። ጎብዮባሺ የሚባለው የመጨረሻው ድልድይ ጋ ስትደርሱ ካሜራ ዝጉ፣ ኮፍያ አውልቁ፣ የሚበላ የሚጠጣ ነገር ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ከድልድዩ ወዲያ ፎቶ ፈጽሞ አይነሳም።

ደረጃ 7፦ የጋራ መታጠቢያው

1. ልብስ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፤ ሰማያዊ መጋረጃ በብዛት የወንድ፣ ቀይ የሴት ነው። ሰዓት ጠብቀው የሚቀያይሩ ስላሉ ጽሑፉን በስልካችሁ አስተርጉሙ።
2. ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ሰውነታችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ አረፋውን ጨርሳችሁ አለቅልቁ።
3. ከዚያ ወደ ገንዳው ግቡ። ሳሙናም ፎጣም ውሃው ውስጥ አይገባም። ረጅም ጸጉር ይታሰራል።

ገንዳው ለመሞቂያ ነው፤ ሳይታጠቡ መግባት ለሌላው ሰው ማቆሸሽ ነው።

*ንቅሳት።* ብዙ መታጠቢያ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ግንባሯ ላይ ባለው መስቀልና በአንገቷ ንቅሳት ምክንያት በር ላይ ተመለሰች። አዝና ሙሉ መንገድ ዝም አለችኝ። ልጅ ሆና እናቷ ያስነቀሰቻት ነው። እናትና አክስት የምታመጡ ሁሉ አስቀድማችሁ ደውሉ። «ካሺኪሪ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለቤተሰብ ብቻ ተቆልፎ የሚሰጥ መታጠቢያ ነው። ትንሽ ንቅሳት ከሆነ በቆዳ ቀለም መለጠፊያ የሚሸፈንበት ቦታ አለ። አክስቴን በሁለተኛው ቀን የወሰድኳት እንዲህ ያለ ካሺኪሪ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጣችም።

ደረጃ 8፦ ለመኖር ለመጣችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

1. አየር ማረፊያ የሚሰጣችሁን የመኖሪያ ካርድ ሁልጊዜ ያዙ። 16 ዓመት የሞላው ሰው ይዞ መገኘት ግዴታው ነው።
2. ቤት ከገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ካርዱንና ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ የክፍለ ከተማ ወይም የከተማ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ አድራሻ አስመዝግቡ። አድራሻው ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፋል።
3. በዚያው ቀን የጤና መድን ይመዝገብላችሁ። ከሕክምና ወጪ 30 በመቶውን ብቻ ትከፍላላችሁ። ዕድሜያችሁ 20 ከሞላ የጡረታ መዋጮም ይመለከታችኋል፤ ተማሪ ከሆናችሁ ክፍያው እንዲዘገይላችሁ እዚያው አመልክቱ።

*ስም።* የአበሻ ሰው ወረቀት የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም ከጻፋችሁ ባንኩ ሌላ ሰው ናችሁ ይላል። የመኖሪያ ካርዱ ላይ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሁሉም ቦታ ጻፉ። ከዚያ ስማችሁን በካታካና (የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል) አንድ ጊዜ አስወስኑና ወረቀት ላይ ይዛችሁ ዙሩ። «ገብረ» ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ክፍለ ከተማ አንድ፣ ባንክ ሌላ፣ ስልክ ድርጅት ሌላ ከሆነ ክፍያ ይመለሳል። ከተበላሸ ባንኩ ጋ አትከራከሩ። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ «ጁሚንህዮ» የሚባለውን የነዋሪነት ማስረጃ አውጡና ሌሎቹን በእሱ አስተካክሉ።

ቅጾች ላይ ዓመቱ በጃፓን አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ከፈረንጅ ዓመት 2018 ቀንሱ፤ 2026 ሬይዋ (የአሁኑ ንጉሠ ነገሥት ዘመን) 8 ነው። የልደት ቀን ፓስፖርት ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ፤ ከራሳችሁ አትቀይሩ።

ደረጃ 9፦ ቆሻሻ

ጎረቤት የሚቀየመው በዚህ ነው። ከተማው የሚያድለውን የቆሻሻ ቀን መቁጠሪያ ወስዳችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮው ለየብቻ ቀን አላቸው። በቀኑ ጠዋት እስከ 8:00 ይወጣል፤ ማታ አይወጣም፣ ቁራ ይበትነዋል። ኪዮቶ ለሚቃጠለው ቢጫ የከተማውን ከረጢት መግዛት ግድ ነው። ፍራሽ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ ተደውሎ፣ ተለጣፊ ተገዝቶ ነው የሚወሰደው።

ከረጢታችሁ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ከቀረ ትታችሁት አትሂዱ። ጽሑፉን አስተርጉሙ፣ ወደ ቤት መልሱ፣ ለዩና በቀኑ አውጡ።

ደረጃ 10፦ ምጣድና ቡና

የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው። ከአዲስ አበባ የምታመጡት የ220 ቮልት ምጣድ ይሰካል፣ ይበራል፣ ግን ከሙቀቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ነው የሚሰጠው፤ እንጀራ አያወጣም። ኪሎውን አትሸከሙት። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ውጤትም አታምጡ፤ አየር ማረፊያ ይያዛል። ቶኪዮ ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ፣ ዮትሱጊ አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ስለ እንጀራና ስለ ቤት እነሱን ጠይቁ።

ቡና ስትቆሉ ጢሱ ጣሪያው ላይ ያለውን የእሳት ማስጠንቀቂያ ያስጮኸዋል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ የምድጃውን የአየር መሳቢያ በሙሉ ኃይል አብሩ፣ የክፍሉን በር ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በትንሽ በትንሹ ቁሉ። ዕጣኑን ቡናው ከወረደ በኋላ ብቻ፣ ከመሳቢያው ሥር። ከ21:00 በኋላ አትውቀጡ፤ የሙቀጫ ድምፅ በቀጭኑ ግድግዳ ያልፋል። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ መጀመሪያ እሳቱን አጥፉ፣ ከዚያ ማጥፊያውን ተጫኑ ወይም ገመዱን ሳቡ፣ ከዚያ ወጥታችሁ ጎረቤታችሁን «ሱሚማሴን፣ ኮሂ ዴሱ» በሉ። ቡና ነው ማለት ነው። እውነተኛ እሳት ከሆነ 119 ደውሉ።